በአንዲት ኮከብ ዙሪያ የሚዞሩት የቁርጡባ ሸኽና ሁለቱ ደረሶቻቸው

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዘን ቀርበናል። ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

በኅዳር ወር መገባደጃ፣ ሰማዩ በጠራበት ምሽት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ 3 ሰዓት ገደማ ላይ ፊታችንን ወደ ሰሜን አድርገን ቀና ብንል፣ ከአድማሱ ከግማሽ በላይ ከፍ ብላ አንዲት ደብዘዝ ያለች ኮከብ እናገኛለን። የከተማ መብራት ይጋርዳታል፤ ገጠር ላለ ወንድማችን ግን ያለ መነጽር ትታያለች። ያለችበትን የከዋክብት ስብስብ የጥንት ሙስሊም የፈለክ ሊቃውንት «አል-መርአቱል ሙሰልሰላ»፣ በሰንሰለት የታሰረችው ሴት፣ ይሉት ነበር። ፈረንጆቹ ደግሞ አንድሮሜዳ ይሉታል። በግሪኮች ተረት ይህች ሴት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ግሪኮች ግን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ስለነበር፣ «ልዕልቷ የኛ ናት» ብሎ መከራከሩ ብዙም አያዋጣም። በዚሁ ስብስብ ውስጥ ያለችውን ደመና የምትመስል ብርሃን፣ ዛሬ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ የምትባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ964 በመጽሐፋቸው የመዘገቡት ኢማም ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ ናቸው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሒጅራ ካላልን በስተቀር ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ያልናት ኮከብ በሳይንሱ ዓለም ኡፕሲሎን አንድሮሜዳ ትባላለች። ከፀሐያችን ጋር የምትመሳሰል ናት፤ ክብደቷ የፀሐይን 1.3 እጥፍ ያህል፣ ድምቀቷ ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ርቀቷ 44 የብርሃን ዓመት ነው። ዛሬ ማታ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከእሷ የተነሳው ከ44 ዓመት ገደማ በፊት ነው ማለት ነው። ይህ በከዋክብት ልኬት የጎረቤት ርቀት ነው፣ ሱብሓነላህ!

እኛን ወደዚህች ኮከብ የሳበን ግን በዙሪያዋ የሚዞሩት ዓለማት ስም ነው። ለእሷ በጣም ቅርብ የሆነው ፕላኔት ስሙ «ሶፋር» ነው፤ ዙሪያዋን በ4.6 ቀን ይጨርሳል። ቀጥሎ «ሰምሕ» አለ፤ ዓመቱ 241 ቀን ያህል ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ «መጅሪጢ» ይዞራል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ሦስቱም ከጁፒተር ጋር የሚመደቡ ግዙፍ የጋዝ አካላት ናቸው፤ ሰው የሚቆምበት መሬት የላቸውም። ከእነሱ ውጭ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች። ከዋናዋ ኮከብ ያላት ርቀት ከፀሐይ እስከ መሬት ካለው ርቀት 750 እጥፍ ያህል ነው። እሷ የታወቀችው በ2002 ነው።

ሶፋር፣ ሰምሕ፣ መጅሪጢ። ሦስቱም የሙስሊም ዓሊሞች ስም ነው፤ አንዱ ሸኽ ሲሆኑ ሁለቱ ደረሶቻቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ። ስማቸው ሰማይ ላይ ስላለ «እነዚህን ፕላኔቶች ከሺህ ዓመት በፊት ሙስሊሞች አግኝተዋቸው ነበር» ብሎ ማውራት ውሸት ነው። ለዲን ተብሎ የሚዋሽ ውሸትም ያው ውሸት ነው። ፕላኔቶቹን ያገኙት የዘመናችን አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ሶፋርን ጄፍሪ ማርሲ እና ፖል በትለር በካሊፎርኒያው የሊክ መመልከቻ ጣቢያ አገኙት። የቀሩት ሁለቱ በሚያዝያ 1999 ይፋ ሆኑ። አባት ልጁን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክር አባትየውም በቦታው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል አይደል? ኮከብም ፕላኔቷ ስትጎትታት እንዲሁ ትወዛወዛለች። ወደ እኛ ስትቀርብ ብርሃኗ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ስትርቅ ወደ ቀይ ያጋድላል። ተመራማሪዎቹ ያንን ዓመታት ተቀምጠው ለኩት። ፀሐይን በምትመስል ኮከብ ዙሪያ ከአንድ በላይ ፕላኔት መኖሩ የተረጋገጠው ለመጀመሪያ ጊዜ በእሷ ነበር።

ስሙ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለተመረጡ ኮከቦችና ፕላኔቶች ሕዝብ ስም እንዲያወጣ ውድድር ከፈተ፤ ከመላው ዓለም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ። ውጤቱ በታኅሣሥ 2015 ሲታወጅ ለዚህች ኮከብ ያሸነፈው ከሞሮኮ የመጣ አንድ የሥነ ፈለክ ክበብ ያቀረበው ሐሳብ ሆነ። ኮከቧን «ቲታዊን» አሏት፤ ፕላኔቶቹን በሦስቱ ዓሊሞች ሰየሙ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ?

ሸኹ አቡል ቃሲም መስለማ አል-መጅሪጢ ይባላሉ። የተወለዱት በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያኔ መጅሪጥ በምትባል ትንሽ የድንበር ከተማ ነው። ያቺ ከተማ ዛሬ የስፔን ዋና ከተማ ማድሪድ ናት። ለቂርአት ወደ ቁርጡባ ወረዱና እዚያው ቀሩ፤ የሞቱትም በ398 ሒጅራ ገደማ፣ በ1007 መሆኑ ነው። ሰዎች «አል-ሓሲብ»፣ ሒሳበኛው፣ ይሏቸው ነበር። የሒሳብ ዕውቀታቸው ከሰማይ ቢጀምርም እስከ ገበያና እስከ ውርስ ክፍፍል ይወርድ ነበር።

ከሥራዎቻቸው ትልቁ ይህ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ አል-ኸዋሪዝሚ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን ቦታ ማስያ ሰንጠረዦች አዘጋጅተው ነበር። ሰንጠረዦቹ የሚቆጥሩት በፋርሶች ዘመን አቆጣጠር ነበር፤ ምሶሷቸውም በሕንድ በኩል ያለ ቦታ ነበር። በአንደሉስ ላለ ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል? ሸኽ መስለማ ቁጭ ብለው ሰንጠረዦቹን ወደ ሒጅራ አቆጣጠር ገለበጧቸው፤ ብዙውንም በቁርጡባ ልክ አስተካከሉት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ቁጥር በቁጥር ላይ ነው። ዝናም የለውም። ግን የረመዷንን መግቢያ በሒጅራ ለሚቆጥር ሕዝብ፣ የሰማዩ መዝገብ በሌላ ሕዝብ ንጉሥ ዘመን ሲቆጠር መኖሩ ያበቃው በዚህ ሥራ ነው።

የጡለይጡላው ቃዲ ሷዒድ አል-አንደሉሲ በ1068 በጻፉት «ጠበቃቱል ኡመም» ሸኽ መስለማን በዘመናቸው ከነበሩት የአንደሉስ ሒሳበኞች ሁሉ ያስቀድሟቸዋል። ወዲያው ደግሞ ይተቿቸዋል፤ ኸዋሪዝሚ የተሳሳቱበትን ቦታ ሳያመለክቱ ተከትለዋቸዋል ይላሉ። የአንደሉስ ዓሊሞች አንዱ ሌላውን ሲያወድስ ስህተቱን አይሸፍንለትም ነበር። እኛ ዛሬ ስለ ቀደምቶቻችን ስንጽፍ ይህን ድፍረት አጥተነዋል።

በነገራችን ላይ፣ ሸኽ መስለማ ላይ ለዘመናት የተለጠፈ አንድ መጥፎ ስም አለ። «ጋየቱል ሐኪም» የሚባል የሲሕር ኪታብ አለ፤ አውሮፓ ውስጥ ፒካትሪክስ በሚል ስም ዝነኛ ሆኗል። ይህ ኪታብ የሳቸው ነው ሲባል ኖሯል። ታላቁ ኢብኑ ኸልዱን ሳይቀሩ በሙቀዲማቸው ለሳቸው ሰጥተውታል። በኋላ ግን ተመራማሪዎች ሲያጣሩት የኪታቡ ባለቤት ሌላ መስለማ ሆኖ ተገኘ፤ በ964 የሞተ መስለማ አል-ቁርጡቢ የሚባል ሰው ነው። የስም መመሳሰል አንድን የሒሳብ ሰው ለስምንት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት ድግምተኛ አድርጎት ኖረ። ይህን ስንል ግን የዘመኑ የፈለክ ሰዎች ከኮከብ ቆጠራ ፍጹም የጠሩ ነበሩ እያልን አይደለም። ሸኹ ያስተካከሏቸው ሰንጠረዦች ውስጥ ለኮከብ ቆጣሪ የሚያገለግል ክፍልም አለ። ዑለሞቻችን «ዒልሙ-ት-ተስዪር» ብለው የፈቀዱትን፣ አቅጣጫና ወቅት የሚታወቅበትን ዕውቀት፣ ከከለከሉት «ዒልሙ-ት-ተእሢር» የለዩትም የሁለቱ መደባለቅ እውነተኛ ችግር ስለነበረ ነው።

ሸኹ የኖሩበት ዘመን ቀላል አልነበረም። በወጣትነታቸው የነገሡት ኸሊፋ አል-ሐከም 2ኛ መጽሐፍ ወዳድ ነበሩ፤ በቤተ መጻሕፍታቸው 400,000 ቅጽ እንደነበረና ዝርዝሩ ብቻ 44 መዝገብ ይሞላ እንደነበር ይነገራል። በ976 እሳቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሕፃን ነበርና ሥልጣኑ በሓጂቡ በኢብኑ አቢ ዓሚር እጅ ገባ፤ በኋላ «አል-መንሱር» የተባለው ሰው ማለት ነው። ይህ ሰው በቤተ መጻሕፍቱ ያሉትን የጥንት ሰዎች ዕውቀት ኪታቦች፣ በተለይ የመንጢቅንና የኮከብ ነክ የሆኑትን፣ አስወጥቶ ከፊሉን አቃጠለ፤ ከፊሉን ጉድጓድ ውስጥ ጣለ። የሕክምናና የሒሳብ ኪታቦች ከተረፉት ውስጥ ነበሩ። ቃዲ ሷዒድ ይህን ሲዘግቡ ምክንያቱንም አልደበቁም፤ ሕዝቡ እንዲወደውና የአል-ሐከም መንገድ እንዲጠላ ብሎ ነው ይላሉ። ዲን የሥልጣን መሰላል ሲሆን ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። ሸኽ መስለማ በዚሁ ሁሉ መሐል ማስቀራታቸውን አላቆሙም። ሒሳብ ከእሳቱ ተርፎ ነበርና በሒሳቡ በር ገብተው ሰማዩንም ያስተምሩ ነበር ብለን እንገምታለን።

አል-መንሱር በ1002 ሞተ፤ ሸኹ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ተከተሉ። በ1009 ደግሞ ቁርጡባ ላይ ታላቁ ፊትና ተነሳ። ኸሊፋ በኸሊፋ ላይ፣ ወታደር በወታደር ላይ ተነሳ። በ1013 ከተማዋ ተዘረፈች፤ በሰይፍ ያለቀው ሕዝብ ብዙ ነው። በ1031 ኸሊፋነቱ ራሱ ተሰረዘ፤ አንደሉስ በየከተማው ባለ አሚር ተከፋፈለች። የተረፈው ኪታብ በየገበያው በርካሽ ተሸጠ። ዓሊሞቹ ተበተኑ።

ከተበተኑት ውስጥ የሸኹ ሁለት ደረሶች ነበሩ።

አቡል ቃሲም አሕመድ ኢብኑ ሶፋር በቁርጡባ ሒሳብና ፈለክ ሲያስቀሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሶፋር ማለት በዐረብኛ ናስ ሠራተኛ ማለት ነው። ወንድማቸው ሙሐመድ በእርግጥም በናስ የሚሠሩ የአስጡርላብ ባለሙያ ነበሩ። አስጡርላብ ለማያውቅ፣ በእጅ የሚያዝ የናስ ሰሌዳ ነው፤ የሰማዩ ካርታ የተቀረጸበት። ፀሐይን ወይም አንዲት ኮከብ በእሱ ለክቶ ሰዓቱን፣ የሶላት ወቅትን፣ አቅጣጫን ያገኙበታል። ወንድምየው በእጃቸው ሠሩት፤ አሕመድ ደግሞ አጠቃቀሙን በኪታብ ጻፉ። ሙሐመድ በ417 ሒጅራ ቁርጡባ ላይ የሠሩት አስጡርላብ ዛሬ ስኮትላንድ፣ በ420 ሒጅራ ጡለይጡላ ላይ የሠሩት ደግሞ በርሊን ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስት ዓመት ነው፤ የተሠሩበት ከተማ ግን ተለውጧል። ቁርጡባ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የአሕመድ ኢብኑ ሶፋር ስም የተቀረጸበት የተሰበረ የፀሐይ ሰዓት ድንጋይ አለ።

አሕመድ የተሰደዱት ወደ ዳኒያ ነው፤ በምሥራቅ ጠረፍ፣ ባሕር ዳር ያለች ከተማ። የቂራኣት ዒልም የቀራ ሰው ይህን የከተማ ስም ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። አዎ፣ የ«ተይሲር» ባለቤት ኢማም አቡ ዐምር አድ-ዳኒ ከተማ ናት። እሳቸውም የቁርጡባ ተወላጅ ናቸው፤ በ417 ሒጅራ ዳኒያ ላይ ከተሙ፤ ስማቸውም ከዚያው ወጣ። የከተማዋ አሚር ሙጃሂድ አል-ዓሚሪ ራሱ የቁርኣን ዒልም ወዳድ ነበር። ኢብኑ ሶፋር የሞቱት በ426 ሒጅራ ነው። እናም ለዘጠኝ ዓመት ገደማ በአንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ከተማ ፊትና የተረፉ፣ አንዱ የቂራኣት ሌላው የከዋክብት ዓሊም አብረው ኖረዋል ማለት ነው። በመድረሳዎቻችን የመጀመሪያውን ስም የማያውቅ የቂራኣት ተማሪ የለም። ሁለተኛውን ማን ያውቀዋል? ሁለቱም ግን ያገለገሉት ያንኑ ሶላት ነበር፤ አንዱ በውስጡ የሚቀራውን፣ ሌላው ወቅቱን።

ሁለተኛው ደረሳ አስበግ ኢብኑ ሰምሕ ወደ ገርናጣ ወረዱ። እዚያ የነበረው አሚር ሐቡስ ኢብኑ ማክሰን ከበርበር ወገን ነው። ቁርጡባን የዘረፉት ወታደሮች ብዙዎቹ በርበሮች ነበሩና፣ ፊትናው ካሳደደው ወገን ዘንድ መጠጊያ ማግኘታቸው የሚያስገርም ነው። ኢብኑ ሰምሕ ስለ ንግድ ሒሳብ፣ በወረቀት ሳይሆን በአእምሮ ስለሚሠራ ሒሳብ፣ ስለ አስጡርላብ አሠራር ጻፉ። ከሁሉ የሚገርመው የፕላኔቶችን ቦታ ያለ ረጅም ስሌት በሚሽከረከሩ ሰሌዳዎች የሚያሳይ መሣሪያ መግለጻቸው ነው። ስለዚህ ዓይነት መሣሪያ ከተጻፉት እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው የሳቸው ነው። የሞቱት በዚያው በ426 ሒጅራ፣ በ56 ዓመታቸው ነው። ሁለቱ የአንድ ሸኽ ደረሶች በአንድ ዓመት ውስጥ፣ አንዱ ዳኒያ አንዱ ገርናጣ፣ ሁለቱም ከተማቸውን ሳያዩ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ከዚያ በኋላ ኪታቦቹ ከሰዎቹ የበለጠ ተሰደዱ። የሸኽ መስለማን ሰንጠረዥ የእንግሊዙ አዴላርድ ዘባዝ በ1126 ወደ ላቲን መለሰው። ዐረብኛው ጠፍቷል፤ ዛሬ የኸዋሪዝሚን የፈለክ ሥራ የምናውቀው በአብዛኛው በዚህ በመስለማ በኩል ባለፈ የላቲን ቅጂ ነው። የኢብኑ ሰምሕ የሰሌዳ መሣሪያም እንዲሁ፤ የተረፈው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በስፓኒሽ ስላስተረጎሙት ነው። የኢብኑ ሶፋር የአስጡርላብ ኪታብ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ተማሪ ቤት ለተማሪ ቤት ዞረ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር በ1391 ገደማ ለአሥር ዓመት ልጁ ለሉዊስ ስለ አስጡርላብ ሲጽፍ የተጠቀመበት የላቲን ጽሑፍ ለዘመናት የባግዳዱ አይሁዳዊ የማሻአላህ ሥራ ነው ሲባል ኖሮ፣ በኋላ ሲጣራ ከኢብኑ ሶፋርና ከሸኻቸው ቤት የተቀዳ ሆኖ ተገኝቷል። የሸኽ መስለማ ስም የሳቸው ባልሆነ የሲሕር ኪታብ ላይ ተጻፈ፤ የደረሳቸው ትክክለኛ ሥራ ደግሞ በሌላ ሰው ስም ተነበበ። ሰነድ መጠበቅ ለሐዲሥ ብቻ የሚያስፈልግ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስብ።

የኮከቧ ስም ይቀረናል። ቲታዊን በአማዚግ ቋንቋ ምንጮች ወይም ዓይኖች እንደማለት ነው፤ በሰሜን ሞሮኮ ያለችው የቴቱዋን ከተማ የድሮ ስሟ ነው። ይህች ከተማ ፈርሳ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከገርናጣ በተሰደዱ ሙስሊሞች፣ በሲዲ ዐሊ አል-መንዘሪ መሪነት፣ እንደገና ተሠራች። ከዚያም በኋላ ከአንደሉስ የተባረረው ሁሉ እየመጣ ተጠጋባት። የግቢዎቿ አሠራር፣ የበሮቿ ቅርጽ፣ ዛሬም አንደሉሳዊ ነው። ዩኔስኮ የድሮውን ከተማ በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስሙን ያቀረቡት ሞሮኳውያን ይህን ሁሉ አስበውት እንደሆነ አላህ ያውቃል። እኛ ግን የምናነበው እንዲህ ነው፤ መሐል ላይ የስደተኞች ከተማ አለች፤ ከተማቸው ፈርሳባቸው ርቀው የሞቱት ሁለት ደረሶች ለእሷ ቅርብ ሆነው ይዞራሉ፤ ሸኻቸው ደግሞ ከሁሉም ውጭ፣ ቀስ ብለው፣ ሁለቱንም ከበው ይዞራሉ። በ2010 ይፋ የሆነ የሃብል መነጽር ልኬት እንዳሳየው የሰምሕና የመጅሪጢ መንገዶች አንድ ሰሌዳ ላይ አይደሉም፤ በ30 ዲግሪ ገደማ ይዘናበላሉ። ደረሳ ሁሌ በሸኹ መንገድ ልክ አይሄድም!

መቼም ጥያቄው አይቀርምና፣ «የኛስ?» የሚል ካለ አለን። ያው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ለስያሜ ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብም የሚገኘው በዚያው በሰንሰለት በታሰረችው ሴት ስብስብ ውስጥ ነው። እሷም ፀሐይን ትመስላለች፤ ነገር ግን ከቲታዊን በጣም ትርቃለችና ያለ መነጽር አትታይም። ኢትዮጵያውያን ኮከቧን «ቡና»፣ በዙሪያዋ የሚዞረውን ግዙፍ ፕላኔት «አቦል» ብለው ሰየሙ። ቶናና በረካ እስካሁን አልተገኙም።

ወላሁ አዕለም።